ከሐዋሳ የመጣ ክሮቶን ድሬዳዋ ላይ ለምን ይራገፋል?

ጥያቄ፦ «በሚያዝያ ከሐዋሳ ሦስት ክሮቶን ገዝቼ በመኪና ድሬዳዋ አመጣሁ። ቅጠሉ ሰፊ፣ መሃሉ አረንጓዴ፣ መስመሮቹ ቢጫና ቀይ የሆነው ዓይነት ነው። ግቢ አስቀመጥኩት፤ ሳምንት ሳይሞላው መራገፍ ጀመረ። ፀሐዩ በዝቶበት ነው ብዬ ወደ ውስጠኛው በረንዳ አስገባሁት። ጠዋትና ማታ አጠጣዋለሁ፤ ጎረቤቴ ያበረታዋል ስላለችኝ የከሰል አመድም ጨመርኩበት። አሁን አንዱ ግንዱ ብቻ ቀርቷል። ሁለቱ አዲስ ቅጠል ቢያወጡም የነጣ ነው፤ ከቅጠሉ ሥር ደግሞ ቀጭን ድር አየሁ። ሞቷል ማለት ነው? ወይስ የድሬ ሙቀት ለክሮቶን አይሆንም?»

ምላሽ፦ የድሬ ሰው አንቱታ አይወድምና «አንቺ» እያልኩ ልመልስልሽ።

መጀመሪያ አመዱን አንሺ። ይህን አንብበሽ ሳትጨርሺ ሄደሽ ከላይ ያለውን በማንኪያ ጠርገሽ ጣይው። ምክንያቱን እመለስበታለሁ።

ሞቷል ወይ ላልሽው፣ ግንዱ ብቻ የቀረውን በጥፍርሽ ፋቅ አድርጊው። ከልጡ ሥር አረንጓዴ ከታየሽና ነጭ ወተት ጠብ ካለ ነፍስ አለው። ደረቅና ቡናማ ከሆነ ትንሽ ወደ ታች ወርደሽ ድገሚው። ጫፉ ደርቆ ከወገቡ በታች ያቆጠቆጠ ክሮቶን ብዙ አይቻለሁ፤ ስለዚህ እስከ አፈሩ ድረስ ፍቀሽ አረንጓዴ ካላጣሽ በቀር እንዳትጥይው።

አሁን ወደ ሙቀቱ። ሙቀቱን ልቀቂው፤ ጥፋተኛው እሱ አይደለም። ክሮቶን የኢንዶኔዢያ፣ የማሌዢያና የምዕራብ ፓሲፊክ ደሴቶች ልጅ ነው፤ የሚፈራው ሙቀት ሳይሆን ብርድ ነው። ከድሬ ተነስተሽ የዴንገጎን ዳገት ወጥተሽ፣ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ተጉዘሽ ሐረማያ ላይ ደጅ ብትተክዪው በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ያልቅለታል። ሙቀቱ ከ10 ዲግሪ ሲወርድ ቅጠሉን ያራግፋል፣ ውርጭ ካገኘው ይሞታል። ድሬ ግን ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር አካባቢ ላይ ስላለች ሌሊቷም አይጎዳውም። አዲስ አበባ ያሉ ሰዎች ሳሎን ውስጥ እየተጨነቁ የሚያሳድጉትን ነገር አንቺ ደጅ ልትተክዪው ትችያለሽ።

ድሬ የሚጎድላት ሌላ ነው። ክሮቶን ከሚበቅልባቸው ደሴቶች አንዷ አምቦን ናት፤ እዚያ በዓመት ከ2,500 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ይወርዳል። ድሬ የምታገኘው 600 አካባቢ ነው። የዝናቡን ያህል የአየሩም እርጥበት ይለያያል። ሐዋሳ ሐይቅ ዳር፣ ምናልባትም ዛፍ ሥር ያደገ ቅጠል ቆዳው ስስ ነው፤ ውሃ ቆጥቦ መኖርን አልተማረም። እሱን ቀኑን ሙሉ በመኪና መስኮት ንፋስ እያስመታሽ አምጥተሽ በሚያዝያ ድሬ ስታወርጂው፣ ደረቁ አየር ከቅጠሉ የሚመጠው ውሃ ሥሩ ከሚያመጣው በለጠ። ተክሉም ግንዱን ለማትረፍ ቅጠሉን ጣለ። ይህ በሽታ አይደለም፤ ክሮቶን ቦታ በተቀየረበት ቁጥር የሚያደርገው ነው። ድሬ ላይ ሆኖ የሚያወጣው አዲስ ቅጠል ወፈር ያለና ንፋሱን የለመደ ይሆናል።

ችግሩ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ፣ ሰው ሲደነግጥ ነው። ቅጠል ሲረግፍ ያየ ሰው ሁለት ነገር ያደርጋል፦ ቦታ ይቀይራል፣ ውሃ ይጨምራል። ቦታ ሲቀየር ተክሉ የጀመረውን ልምምድ ትቶ እንደገና ይጀምራል። ቅጠል የሌለው ተክል ደግሞ ውሃ አይጠጣም፤ በቀን ሁለቴ የምታፈሺለት እዚያው ተኝቶ ሥሩን ያፍነዋል። ሥሩ ሲታፈን ቅጠል ይረግፋል። አንቺ ደግሞ ጠማው ብለሽ ትጨምሪያለሽ። አፈሩን አሽትቺው፤ የረጋ ኩሬ የሚሸት ከሆነ እዚህ ደረጃ ደርሰሻል ማለት ነው።

እኔም ከዚህ የባሰ ሠርቻለሁ። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን አንድ የድሬ ሆቴል ግቢ ውስጥ 24 ክሮቶን በቆርቆሮ አጥር ሥር፣ ፊታቸውን ወደ ምዕራብ አድርጌ አስተከልኩ። ከሰዓት በኋላ ፀሐዩ ከፊት፣ የቆርቆሮው ወላፈን ከኋላ ጠበሳቸው። የቅጠሎቹ ጠርዝ ተቃጠለ፤ መሃላቸው እንደ ጥንት ወረቀት ገረጣ። ደንግጬ ሁሉንም አስነቅዬ ትልቅ ማንጎ ሥር፣ ድቅድቅ ጥላ ውስጥ ከተትኳቸው። አብዛኞቹ ተረፉ፤ ግን ቀለማቸው ጠፋ፣ ሁሉም አረንጓዴ ሆኑ። ባለቤትየው አንድ ቀን መጥተው «ልጄ፣ ይህን የዘይቱን ቅጠል ነው በገንዘቤ ያስገዛኸኝ?» አሉኝ።

ቀለሙ የሚመጣው ከብርሃን ነው፤ ከዚህ ማምለጫ የለም። አዲስ ቅጠል አረንጓዴ ወይም ቢጫ ሆኖ ይወጣና ብርሃን እየጠጣ ሲያረጅ ብርቱካናማ፣ ቀይ፣ አንዳንዴም ወደ ጥቁር የሚጠጋ ይሆናል። ብርሃን ካጣ አረንጓዴውን ብቻ ያበዛል፤ በደብዛዛ ብርሃን ምግብ ለመሥራት የሚጠቅመው እሱ ነውና። ስለዚህ በረንዳሽ ውስጥ ብትተይው ይኖራል፣ ግን የገዛሽው ተክል አይሆንም። ከሰዓት በኋላ ያለው ፀሐይ ደግሞ ያቃጥለዋል። የሁለቱ መካከለኛ ቦታ ከቤቱ በስተምሥራቅ ያለው ግድግዳ ነው፤ ጠዋት ከ12 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት፣ ቢበዛ እስከ 5 ፀሐይ አግኝቶ የቀረውን ቀን ብርሃን ባለው ጥላ የሚያሳልፍበት ቦታ። ምሥራቅ ከሌለሽ ቅጠሉ ስስ የሆነ ዛፍ ሥር አድርጊው። ኒም ወይም የድሬዳዋ ዛፍ ብርሃን እያጣራ ያሳልፋል፤ ማንጎ ግን ጣራ ነው። የጥላ መረብ የምትገዢ ከሆነ ግማሹን ብርሃን የሚያስቀረው ይበቃል።

ከበረንዳው ስታወጪው ግን በአንድ ቀን እንዳይሆን። መጀመሪያ ጠዋት ለአንድ ሰዓት ያህል፣ ከዚያ በየሦስት ቀኑ ትንሽ እየጨመርሽ ሁለት ሳምንት ውሰጂ። ከዚያ ወዲህ አትነካኪው። እንግዳ ሲመጣ ወደ ሳሎን፣ ሲሄድ ወደ ግቢ የሚመላለስ ክሮቶን ሁልጊዜ ራቁቱን ነው።

ወደ ሆቴሉ ልመለስ። ጥላውን አስተካክዬም አዲሱ ቅጠል እየነጣ ይወጣ ነበር፤ ልክ እንዳንቺዎቹ። ፍግ ጨመርኩ፣ ዩሪያ ጨመርኩ፣ ለውጥ የለም። አንድ ቀን ሻይ ልጠጣ ወደ ማድ ቤቱ ስገባ አብሳይዋ የውሃ ማፍያውን ውስጥ በቢላ ትፍቃለች። ከውስጡ የሚረግፈው እንደ እንቁላል ቅርፊት የወፈረ ነጭ ነገር ነበር። ለሁለት ዓመት ያጠጣኋቸው ያንኑ ውሃ ነው።

ይህን የድሬ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ቧንቧው ይደፈናል፣ ጀበናው ይነጣል። ድሬዳዋ ላይ የሲሚንቶ ፋብሪካ የተተከለው በከንቱ አይደለም፤ ዙሪያው የኖራ ድንጋይ ነው፤ የከርሰ ምድር ውሃውም ያንን እያሟሟ ይመጣል። ለሰው ችግር የለውም። ክሮቶን ግን ኮምጠጥ ያለ አፈር ይወዳል፤ የኮምጣጣነት መለኪያው ፒኤች (ቁጥሩ ሲያንስ ኮምጣጣ ነው) ከ4.5 እስከ 6.5 ባለው ውስጥ ይመቸዋል። በኖራ ውሃ ስታጠጪው አፈሩ ከ7 በላይ ይወጣል፤ ያኔ በአፈሩ ውስጥ ያለው ብረት ይቆለፋል። ብረቱ አለ፣ ተክሉ ግን ሊጠጣው አይችልም። ብረት ያጣ ቅጠል አረንጓዴውን መሥራት ስለማይችል ነጥቶ ይወጣል።

አመዱም የተከለከለው ለዚህ ነው። አመድ ኖራን የሚያግዝ እንጂ የሚያሸንፍ አይደለም፤ ደጋ ላይ አሲድ ለበዛበት አፈር መድኃኒት ሊሆን ይችላል፣ ለድሬ ማሰሮ ግን ጨው በቁስል ነው። የእንቁላል ቅርፊትም እንዲሁ።

ያንቺ ዓይነት ክሮቶን ፔትራ የሚባለው ይመስለኛል። በፔትራ የብረት እጥረትን ለመለየት ቀላል ዘዴ አለ፤ ሌሎቹ ላይ ያስቸግራል። በጤናው የፔትራ ቅጠል ጅማቱ ቢጫ፣ መሃሉ አረንጓዴ ነው። ብረት ሲያጣ ተገልብጦ ጅማቱ አረንጓዴ ሆኖ ይቀርና መሃሉ ይነጣል፤ ይህም የሚታየው ጫፍ ላይ ባሉት አዲሶቹ ቅጠሎች ነው። ከታች ያሉት አሮጌዎቹ ቢጫ ሆነው የሚረግፉ ከሆነ ግን የውሃ መብዛት ወይም የምግብ ማነስ ነው።

መፍትሔው ከውሃው ይጀምራል። ሐምሌ ሲገባ የቆርቆሮውን ውሃ በበርሜል ያዢ፤ የመጀመሪያው ዝናብ አቧራውን ይጠብና ከዚያ በኋላ ያለውን። ለሦስት ማሰሮ ሁለት በርሜል ብዙ ወር ያደርሳል። እስከዚያው ቤትሽ ወይም ሱቅሽ ኤሲ ካለ ከውጭ የሚንጠባጠበውን ውሃ በጄሪካን ያዢ፤ ከአየር ተጨምቆ የወጣ ስለሆነ ኖራ የለውም። ብዙ ሰው ይህን ውሃ መሬት ላይ ሲያፈስ አያለሁና ይቆጨኛል። ሁለቱም ከሌሉ የቧንቧ ውሃ አፍልቶ፣ አቀዝቅዞ፣ ዝቃጩን ማስቀረት ከኖራው ብዙውን ያወጣል፤ ከሰል ካልተወደደብሽ። ኮምጣጤም አለ፦ ለ10 ሊትር ውሃ ሁለት ወይም ሦስት የሾርባ ማንኪያ። እሱ ግን ለጊዜው ነው፤ በአፈሩ ውስጥ ያሉ ደቂቅ ነፍሳት ይበሉታልና ዕድሜ የለውም።

ለአሁኑ ንጣት ቶሎ የሚደርስልሽ የብረት ማዳበሪያ ነው። የግብርና ግብዓት ሱቅ ስትሄዪ «ብረት» ብለሽ ብቻ አትግዢ። ማሸጊያው ላይ ኢዲዲኤችኤ (EDDHA) የሚል ፈልጊ፤ ኖራ ባለበት አፈር የሚሠራው እሱ ነው። ኢዲቲኤ (EDTA) የሚለው ረከስ ይላል፣ ግን በእንዲህ ያለ አፈር ወዲያው ይቆለፋል። ዝገት የያዘ ሚስማር ስለመቅበር ሰምተሽ ይሆናል። ዝገቱም በዚያው ኖራ ይያዛል፤ ሚስማርሽን ለበር አቆይው። የቡና አተላ አፈሩን ያኮመጥጣል የሚባለውም ከተፈላ በኋላ ያን ያህል እውነት የለውም። ትንሽ ትንሽ ከኮምፖስት ጋር ብትቀላቅዪው አይጎዳም፤ በየቀኑ ከጀበናው ላዩ ላይ ከደፋሽው ግን ደርቆ ቅርፊት ይሠራና ውሃ አያሳልፍም።

አፈሩን መቀየር ሊኖርብሽ ነው፣ ግን አሁን አይደለም። አዲስ ቅጠል እስኪጠነክር፣ ሰማዩም እስኪረጥብ ድረስ ጠብቂ። አፈሩ የሚሸተው ማሰሮ ብቻ አይጠብቅም፤ የበሰበሰውን ጥቁር ሥር ቆርጠሽ ወዲያው ቀይሪለት። ሁለት እጅ ከደጋ የመጣ ቀይ አፈር፣ አንድ እጅ በደንብ የበሰበሰ የቡና ገለፈት፣ አንድ እጅ ቀይ አሽ (ቀዩ የእሳተ ገሞራ ጠጠር) ወይም አሸዋ። አሸዋውን ከደቻቱ ወንዝ የምታመጪ ከሆነ መጀመሪያ እፍኝ ወስደሽ ኮምጣጤ ጠብ አድርጊበት። እንደ አምቦ ውሃ ከፈላ ኖራ አለበትና ተይው።

አሁን አጠጣጡ። ሰዓት ቆጥረሽ አታጠጪ። ጣትሽን እስከ ሁለተኛው አንጓ አፈሩ ውስጥ ክተቺ፤ እርጥበት ከነካሽ ተመለሺ። ደርቆ ከሆነ ከማሰሮው ሥር እስኪወጣ ድረስ አጠጪውና ሳህኑ ላይ የተጠራቀመውን ድፊ። በጥቂት በጥቂቱ ማጠጣት ኖራውንና ጨውን እዚያው ያስቀራል፤ የማሰሮው ከንፈር ላይ ነጭ ዱቄት ካየሽ ያ ነው። ቅጠል ያለው ክሮቶን በድሬ ግንቦትና ሰኔ በየሁለት ቀኑ ሊጠይቅሽ ይችላል፤ ግንዱ ብቻ የቀረው ግን በሳምንት አንዴ ሊበቃው ይችላል። ሌላም የድሬ ነገር አለ፦ በፀሐይ የዋለ ጎማ ውስጥ ያለው ውሃ ሻይ ያፈላል። ሮቶውም ከሰዓት በኋላ ከዚያ አይሻልም። ማለዳ አጠጪ፣ የመጀመሪያውንም ውሃ እየደፋሽ።

ማሰሮውን በቀጥታ ሲሚንቶ ላይ አታስቀምጪው፤ ሁለት ጡብ ሥሩ አድርጊ። ጥቁር ፕላስቲክ ውስጥ እንዳለ ከሆነ ከፍ ባለ የሸክላ ማሰሮ ውስጥ ክተቺው፤ ጥቁር ፕላስቲክ ፀሐይ ሲመታው ሥሩን ይቀቅለዋል። አፈሩን በገለባ ጎዝጉዢው። ሦስቱንም አጠገብ ለአጠገብ አድርጊ፣ ሌሎች አበቦችሽንም ጨምሪ፤ ተሰብስበው ሲቆሙ የሚተነፍሱት እርጥበት መሃላቸው ይቀራል። በየሰዓቱ ውሃ በመርጫ መርጨት ግን ከድካም በቀር ትርፍ የለውም። በድሬ ንፋስ በደቂቃዎች ይደርቃል፣ ኖራውን ቅጠሉ ላይ ነጠብጣብ አድርጎ ይተዋል።

ድሩ የቀይ ሸረሪት ነው፤ የአበባ እርሻ ላይ የሠሩ ሰዎች ማይት ይሏታል። ከቅጠል ሥር ተቀምጣ ጭማቂውን ትመጥጣለች፤ ደረቅና ሞቃት አየር ሠርጓ ነው፣ 30 ዲግሪ ላይ ከእንቁላል እስከ እናትነት አንድ ሳምንት ያህል ብቻ ይፈጅባታል። ለማረጋገጥ ነጭ ወረቀት ላይ ቅጠሉን መታ መታ አድርጊ፤ የሚሄድ የበርበሬ ዱቄት የሚመስል ነገር ካየሽ እሷ ናት። በማለዳ የቅጠሎቹን ሥር በውሃ ግፊት እጠቢ፣ በየሦስት ቀኑ፣ ቢያንስ አራት ጊዜ። አንዴ አጥበሽ ካቆምሽ እንቁላሎቹ ይተኩዋታል። ካልጠፋች ኒም ይኸውልሽ በየመንገዱ። የደረቀውን ፍሬ ከፍተሽ አስኳሉን ወቅጠሽ፣ 50 ግራም ያህሉን በአንድ ሊትር ውሃ አሳድሪ፣ አጥልይና ጥቂት ጠብታ ፈሳሽ ሳሙና ጨምረሽ አመሻሹ ላይ ከቅጠሉ ሥር ርጪ። የልብስ ዱቄት ሳሙና አይሁን፤ ያቃጥላል። ለነፍሳት የተሠራ መርዝ ደግሞ እሷን ሳይሆን እሷን የሚበሉትን ይጨርስና ታበዛብሻለች። ስምንት እግር ያላት የሸረሪት ዘመድ እንጂ ነፍሳት አይደለችም።

ከብረቱ በቀር ሌላ ማዳበሪያ ቢያንስ ስድስት አዲስ ጤነኛ ቅጠል እስክታዪ ድረስ አትስጪ። ከዚያ በኋላ ኮምፖስት ይበቃል።

ስለ ወተቱ ደግሞ ልንገርሽ፤ ቤት ሕፃን ወይም ፍየል ካለ በተለይ። ክሮቶን የቁልቋልና የቅንጭብ ዘመድ ነው፤ ጉሎም ቤተሰቡ ነው። የቁልቋልን ወተት ዓይንሽ ውስጥ እንደማታስገቢው ሁሉ ይህንንም ተጠንቀቂው፤ ቆዳ ያሳክካል፣ ዓይን ያቃጥላል፣ ቅጠሉንና ፍሬውን ማኘክ ይጎዳል። የሚገርመው ስሙ ነው። ሳይንሱ ክሮቶን ብሎ የሚጠራው የሌላ ተክል ወገን ነው፤ የእኛ ብሳና እዚያ ውስጥ ነው። ያንቺው በሳይንስ ስሙ ኮዲየም ነው፣ ክሮቶን የሚለው የገበያ ስሙ ነው። ብሳናም ቅጠሉ ሊረግፍ ሲል ብርቱካናማ ይሆናል፤ ዝምድናውን የሚናገር ይመስላል፣ ልዩነቱ ብሳና ለመሞት፣ ክሮቶን ለመኖር መቅላቱ ነው።

የሐምሌው ዝናብ ገብቶ ሁለቱ ሲያገግሙ፣ ረዝመው የተራቆቱትን ቅርንጫፎች ከአንጓ በላይ ቁረጪ፤ ከቁርጡ በታች ሁለት ሦስት ቦታ ያቆጠቁጣሉ። የወደቀው ቅጠል በነበረበት ቦታ ግን ተመልሶ አይወጣም፤ ቁጥቋጦ እንዲሆንልሽ ከፈለግሽ መቁረጥ ግድ ነው። የቆረጥሽውን አትጣይ። ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር የሚሆነውን ጫፍ ወስደሽ ወተቱ እስኪቆም በውሃ እጠቢ፣ ከላይ ሁለት ሦስት ቅጠል ብቻ አስቀሪለትና እርጥብ አሸዋና ኮምፖስት ውስጥ ትከዪው። ላዩን ሥሩ በተቆረጠ የሃይላንድ ጠርሙስ ድፊበት፤ ደሴቱን የሠራሽለት በዚያ ነው። ጥላ ውስጥ አድርጊው፤ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ሥር ይሰዳል። ከዚያም ጠርሙሱን በአንድ ጊዜ አታንሺ፤ በመጀመሪያ ክዳኑን ብቻ ክፈቺ፣ በሳምንቱ ጠርሙሱን ማታ ማታ፣ ከዚያ ጨርሶ። እነዚህ ድሬ ላይ የተወለዱ ናቸውና ከሐዋሳ እንደመጡት አያስቸግሩሽም።

ስትቆርጪ ጓንት አድርጊ፣ ነጠላሽንም አውልቂ። ወተቱ ልብስ ላይ ሲፈስ ምንም አይመስልም፤ ሲደርቅ ቡናማ ይሆናል፣ ከዚያ በምንም አይለቅም።